የዘር ስልቻው ቦታ

በጣሊያን ዘመን ወታደር በመጣ ቁጥር የአማኑኤል መንደሯ ደብሪቱ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ገደል ትሸሽ ነበር። ባሏ ኮርቻ፣ አማቷ ወይዘሮ አሰገደች ወንፊት ይዘው ይወጣሉ፤ ዘሩን የሚያስታውስ የለም። ቤቱ ቢቃጠል ክረምት ምን ሊዘሩ ነው? በመጨረሻ ደብሪቱ ሲወጡ እንዳይረሳ የዘር ጤፉን ስልቻ በር ሥር አኖረችው።

በሚካኤል ዝክር ዕለት «መጡ!» ሲባል በር ሥር ምንም የለም።

«እማማ፣ ዘሩስ?»

«ዝክር ለሚቀምሱት መምሬ ይህን ዝርክርክ ላሳያቸው? ቆጥ ላይ ሰቀልሁት።»

«እንግዲያ መምሬ ዘር ይስጡና!»

ልጇን እንዳዘለች ቆጡ ላይ ወጣች።

«የቆጡን አወርድ ብለሽ ልጁን እንዳትጥይ!» አሉ አማቷ ከታች።

ከሽሽት ሲመለሱ ደብሪቱ ከቆጥ አውርዳ ይዛው የሄደችውን ስልቻ በር ሥር መልሳ ቁርበት አነጠፈችበት። «መቀመጫዎ ነው፤ እንግዳ ቢመጣም አያሳፍርዎ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሽሽት በመጣ ቁጥር «መቀመጫዬን!» ብለው ቀድመው የሚጮኹት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው።