ጀርባውን የሰጠን ሬዲዮ

ዛሬ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ በፔንብሩክ ሰፈር ኮሚዩኒቲ ሴንተር ግጥሜን አንብቤ ስጨርስ አንድም ሰው አላጨበጨበም።

የጻፍኩት የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሼ ተስፋይ የሳሉትን ሥዕል አይቼ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ እዚሁ ካልጋሪ፣ ኦግደን ሰፈር፣ አምስት ወንዶች ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሬዲዮው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«ሬዲዮ ሆይ፣ ከማን ጋር ተኳርፈህ ነው ጀርባህን የሰጠኸን?» ብዬ ነበር በግጥሜ።

ጋሼ ብድግ አሉ። በቃ፣ የካልጋሪ አማርኛዬ ሊታረም ነው አልኩ!

«ልጄ፣ ሁለታችን ኤርትራውያን፣ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ነበርን። ወንድሞቻችን አገር ቤት እርስ በርስ ይዋጋሉ። ዜናው ለአንዱ ደስታ፣ ለሌላው መርዶ ነው። በልተን እጃችንን እስክንታጠብ ሬዲዮውን ዘግተን እናዞረዋለን።»

ሊቀመጡ ብለው መልሰው ቆሙ።

«አንድ ቀን እየበላን ሳለ አንዳችን ሬዲዮውን ከፈተው። የመጨረሻው ማዕዳችን እሱ ሆነ።»

እናንተ ቤትስ፣ አብሮ ለመብላት ምን ይዘጋ ነበር?