የእትዬ ብዙነሽ ሦስት ስልኮች

እትዬ ብዙነሽ ደብረ ታቦር ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ሻይ ቤት የነበራቸው፣ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከቀበሌው ቢሮ ሌላ በሰፈሩ ስልክ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ዘመድ የታመመበትም ልጁ አዲስ አበባ የሄደበትም እዚያው ይሰለፍ ነበር።

በደርግ ዘመን አንድ መመሪያ መጣ፤ ስልክ ሁሉ ከሥሩ በታተመው የፋብሪካ ቁጥር ይመዝገብ ተባለ። የእትዬ ብዙነሽ ስልክ ከሥሩ «307 ኤ» ይላል። የስልክ መሥሪያ ቤቱ 307-ኤ ብሎ ጻፈ፤ ቀበሌው 307/ኤ አለ፤ አውራጃው ደግሞ 307:ኤ። ሦስቱ መዝገብ ተሰብስቦ ሲታይ ሴትዮዋ ባለ ሦስት ስልክ ሆነው ተገኙ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሳለኝ አስጠሯቸው።

«ሁለቱን የት ደበቋቸው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያለችኝ አንዷ ናት። እርስዎም ትናንት ደውለውባታል።»

«እኔ የደወልኩት ባለ ሰረዟ ላይ ነው። ባለ እዝባሯና ባለ ሁለት ነጥቧ የት አሉ?»

የእትዬ ብዙነሽ ጎተራ ተበረበረ፤ የጓሮ ድንቻቸው ሳይደርስ ተቆፈረ፤ እሳቸውም ቀበሌ ታሰሩ። ከእስሩ ይልቅ ሆዳቸውን የበላው፣ ሟች ባሌ ሳይነግረኝ የደበቀው ስልክ ይኖር ይሆን የሚለው ጥርጣሬ ነበር።

በኋላ ስለ አጻጻፉ ስብሰባ ተጠራ። እዝባር ወደ ቀኝ ያጋደለ ስለሆነ ቀኝ መንገደኛ ነው ተባለ። ሁለት ነጥብም አንዱ በሌላው ላይ ስለተቀመጠ የመደብ ልዩነት ያሳያል ተባለና ወደቀ። ሰረዝ ግን ወደየትም አላጋደለ፤ ተጨብጭቦለት ጸደቀ።

ሁሉም በሰረዝ ሲጻፍ ሦስቱ ስልክ አንድ ሆነ፤ እትዬ ብዙነሽም ተፈቱ። ጓድ ደሳለኝ ግን ስሕተት ነበር ብለው መጻፉ ከበዳቸውና «በነቃ ክትትላችን ሁለት የተደበቁ ስልኮች ተገኝተዋል» የሚል ሪፖርት ላኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። የተገኙት ስልኮች ለጋፋት ገበሬ ማኅበር ይሰጡ ይላል።

ሊቀመንበሩ ሻይ ቤቱ መጥተው አቀርቅረው ተቀመጡ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ አንዱን ከቢሮዬ ነቅያለሁ። ሁለተኛው ግን…»

«ይውሰዱት» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ሌላ ሁለት ሳይወልድብኝ።»

ጋፋት የስልክ ሽቦ አልደረሰም ነበር። ስልኮቹ የማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጓድ ደሳለኝ ለአለቆቻቸው ቃል ለማድረስ ወደ አውራጃው ቢሮ የሚወስደውን አቀበት በእግር ይመላለሱት ጀመር። የእትዬ ብዙነሽ ደንበኛ ሳሳ፤ እንቅልፋቸው ግን ተመለሰ።