ዱባና ማሾ ይዤ ወደ ኦሬንጅ ፋርም

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ለታናሽ ወንድሜ ለዳዊት ምሳ ላበስልለት ነው። እኔ የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ኬንሲንግተን ውስጥ ሲሆን እሱ ከከተማው በስተደቡብ ርቃ በምትገኘው ኦሬንጅ ፋርም ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ አለው። ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል እሱንም የሱቅ ሸሪኩን ከበደንም ያዛቸው። ዳዊት ተረፈ፤ ከበደ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን እህል አልስማማው አለ። የቀመሰው ሁሉ ጨጓራውን ያቃጥለዋል፤ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። ክሊኒክ ሄዶ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ በሰዓቱ እንዲበላም ተነግሮታል። ሁዳዴ ሊገባ ተቃርቧል፤ ዳዊት ደግሞ በምንም ምክንያት ጾም እንደማይፈታ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሰውነቱ ትንሽ መመለስ ነበረበት።

እዚህ አገር የካቲት የሙቀቱ ወራት ማብቂያ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የምታስተምር ፕሪያ የምትባል ጓደኛዬ፣ እናቷ በዚህ ሰሞን የቤታቸውን ማዕድ እንደሚለውጡ አጫውታኝ ነበር። አዩርቬዳ የሚባለው የህንዶች ጥንታዊ የጤና ትምህርት በየወቅቱ የሚበላውን ይለያል። የሚኖሩት ሌኔዥያ ነው፤ ለእኔ መንገድ ላይ ነው። ከእሳቸው ምክር፣ ከገበያው አትክልት ይዤ ወንድሜን በሳምንት ውስጥ እንደማድነው እርግጠኛ ነበርኩ።

ሌኔዥያ

መሀል ከተማ ካለው ብሪ መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ታክሲ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ስለሄደ የነፋሱ ጩኸት ሬዲዮውን ዋጠው። ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አንዲት ሴት ለሁሉም ሳኒታይዘር ጠብ አደረገችልን።

የፕሪያ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ አንቲ ሻንታ የሚላቸው፣ በር ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉኝና በረንዳ ላይ ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። እንደነገሩኝ ከሆነ፣ የሙቀቱ ወራት ሲያልቅ ሰውነት ያጠራቀመው እሳት፣ እነሱ ፒታ የሚሉት፣ ይበዛል። ስለዚህ ኮምጣጣ፣ ጨው የበዛበት፣ የሚያቃጥልና በዘይት የተጠበሰ ይቀነሳል። ለስለስ ያለ፣ በተፈጥሮው ጣፋጭ ወይም መረር ያለ ይመረጣል፤ ቅል፣ ዱባ፣ ኪያር፣ ማሾ፣ ቅጠላ ቅጠል። እኔም እንጀራችን እንደሚኮመጥጥ፣ ወጣችን በበርበሬ እንደሚነድ ነገርኳቸው። ሳቁና እሳቸውም ያለ አቻር፣ በቅመም ተዘፍዝፎ ከሚቀመጠው ሎሚ ውጭ፣ መኖር ስለማይችሉ ይህ ሰሞን እንደሚከብዳቸው አጫወቱኝ።

የወንድሜን ሕመም ነግሬ ይህ ያድነዋል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ሐኪም አይደለሁም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ» አሉኝ። «ይልቅ ምሳውን የት ሆኖ ነው የሚበላው? ትልቁ ምግብ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ተቀምጦ፣ በእርጋታ የሚበላ ነው።»

አላውቅም አልኩ። እውነት ለመናገር ጥያቄውን ብዙም ከቁብ አልቆጠርኩትም፤ ልቤ አትክልቱ ላይ ነበር። ከእሳቸው ተሰናብቼ የሰፈሩ ገበያ ውስጥ እንደ ክንድ የረዘመ ለጋ ቅል አገኘሁ። አገራችን ለዕቃነት የማውቀውን ነገር ለመብል ስገዛው የመጀመሪያዬ ነው። ማሾ፣ የድንብላል ቅጠልና በሃያ ራንድ አንድ ትልቅ ዱባ ጨመርኩ።

ጎልደን ሃይዌይ

ወደ ኦሬንጅ ፋርም በሚወስደው ታክሲ ዱባውን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሣሩ ወገብ ደርሷል፤ ሴቶች በቆሎ እሸት ከሰል ላይ እየጠበሱ ይሸጣሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዱባውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው በደንብ የበሰለ መሆኑን መሰከሩልኝ።

ኦሬንጅ ፋርም

ዳዊት በሱቁ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ጉንጩ ግን ገብቷል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሉ ሩዝና ማሾ አንድ ላይ ቀቀልኩ፤ ቅሉንና ዱባውን በቅቤ፣ በእርድና በከሙን አበሰልኩ፤ ድንብላሉን በተንኩበት። በርበሬ የለም፣ ቲማቲም የለም።

ሳህኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩለት። ቆሞ ሁለት ማንኪያ ጎረሰ። አንዱ ዳቦ ብሎ መጣ። አንድ ጎረሰ፤ ሌላዋ ለስልክ ካርድ መጣች። ከዚያ ሻማ፣ ከዚያ ስኳር። ምግቡ ቀዘቀዘ፤ እሱም ገፋ አደረገው። የበሽተኛ ምግብ ነው አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜው ስለመጣሁ ተናደድኩ። ልናገረው አፌን ስከፍት ግን እጁ ከሳህኑ ይልቅ ወደ ፍርግርጉ መስኮት ሲሄድ አየሁና የአንቲ ሻንታ ጥያቄ ገባኝ።

«ከከበደ ጋር እያላችሁ እንዴት ነበር የምትበሉት?» አልኩት።

 ስኳር ከገዛችው ልጅ ሳንቲሙን ተቀበለ፣ መልሷን ሰጣት።

«በየተራ ነበር፣ እትዬ። እሱ ሲቆም እኔ እቀመጣለሁ፤ እኔ ስቆም እሱ ይቀመጣል። አሁን ማን ይቁምልኝ?»

ከበደ ካረፈ ወዲህ ዳዊት ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። ፊቱን ወደ ዕቃው አዞረ።

«እኔ እቆማለሁ፤ ሂድ ተቀመጥ» አልኩት።

ምግቡን አሞቅኩለትና መስኮቱን ያዝኩ። የዕቃውን ዋጋ ስለማላውቅ ደንበኞቹን እራሳቸውን እየጠየቅሁ ሸጥኩ፤ እነሱም እየሳቁ ነገሩኝ። የግቢው ባለቤት ማ ኖምሳ ሳቁን ሰምተው መጡ። በዙሉ ሳውቦና ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ድስቱን ከፍተው አዩና እሳቸውም የዱባ ቅጠል እያበሰሉ ስለነበር ትንሽ አምጥተው ከዳዊት ፊት ለፊት፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጀርባዬን ሰጥቼ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ እሰማለሁ። ሲያወሩም እሰማለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ከዚያም ስለ ከበደ። ዳዊት ሳህኑን ጨረሰና ጨምሪልኝ አለኝ።

ከዛሬ በኋላ ግን እኔ የለሁም። በምሳ ሰዓት ትንሽ ዝጋው ስለው ደንበኛ ይሸሻል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ማ ኖምሳ ጣልቃ ገቡ።

«ተራርቀን ለዳቦ ተሰልፈን ከርመናል፤ አንተ እስክትበላ መጠበቅ ያቅተናል?» አሉት።

ዳዊት አሰበ። ሰኞ ልሞክረው አለ።

ወደ ቤት

ስመለስ ነጎድጓዱ መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ቤቴ የገባሁት በስብሼ ነው። ከጉዞው የተማርኩት አጭር ነው። ወቅቱ የሚያወጣውን መብላት ጥሩ ነው፤ ቅሉንም ወድጄዋለሁ፣ በየሳምንቱ አበስለዋለሁ። ወንድሜን ግን በአንድ ዱባ አላድነውም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም የለም። ሌባ ገብቶበት ይሆን እያልኩ ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ ቆየሁ። በመጨረሻ ራሱ ደወለ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምሳ ላይ ነበርኩ» አለኝ።