ሳይቃጠል

የግጦሹን መስክ ከእሳት የሚጠብቀውን ሰው አገሬው «ሳይቃጠል» ይለዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምትለዋ ተረት ከአፉ ስለማትጠፋ የወጣችለት ቅጽል ስም ናት፤ እሱም አልጠላትም። አባቱ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ መስኩን የሚያቃጥል ሰው ነበር። በኋላ ማቃጠል ተከለከለ። የከለከለው መሥሪያ ቤት ለልጁ የካኪ ልብስና ፊሽካ ሰጠው፤ ልጁም አባቱን ከነችቦው ቤት አስቀመጠው። «ሞኝ ሽማግሌ! የገዛ ሣሩን የሚያቃጥል» እያለ ይስቅበት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሱ ክልል አንድም እሳት አልተነሣም። ጠባቂ ማለትስ እንዲህ ነው!

ሣሩ ግን ከዓመት ዓመት ሳሳ። ከብቱ በዝቶ ሣሩን ከሥሩ ይግጠዋል፤ እሳት ያልነካው የግራር ቡቃያ ደግሞ መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ደረት፣ ከዚያም ከራስ በላይ ደረሰ። በአንድ የድርቅ ዓመት ሚስቱ የግራሩን ፍሬ በጆንያ እየለቀመች ላሞቿን ከሞት አተረፈች፤ ጎረቤት ሁሉ መረቃት። ፍሬው በላሞቹ ሆድ አልፎ በየሄዱበት ከእበቱ ጋር እንደሚወድቅ ማንም ልብ አላለም። ዝናቡ ሲመጣ እበት በወደቀበት ሁሉ እሾህ በቀለ። ሚስት ዘራች፣ ባል ጠበቀ፤ ሁለቱም በቅን ልብ።

ዛሬ ከደጃፋቸው ሆነው ላም አይታያቸውም፤ የሚሰሙት ቃጭሏን ብቻ ነው። ከስድስት ላሞቻቸው የቀረችው አንዷ ናት፤ እሷም እርጉዝ። እሷን ካጡ ቤቱን ዘግተው ከመሰደድ ሌላ ምንም አይቀራቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቃጭሉ ከጥሻው ውስጥ፣ ካንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ይንቃጨል ጀመር።

«ምጥ ይዟታል» አለች ሚስቱ፤ ገጀራውን አቀበለችው።

ቆርጦ ሊገባ ሞከረ። እሾሁ እጅጌውን ቀዶ ክንዱን ቧጠጠው፤ ቃጭሉ እዚያው ቅርብ ነው፣ መግቢያ ግን የለም። ከወዲያ በኩል ጅብ ጮኸ፣ በጠራራ ፀሐይ።

«እሳት ካየ ይሸሻል። ክብሪት አምጪ!»

«አንተ ሰውዬ! አንተ ነህ እሳት የምትለኩሰው?»

«አምጪ ብዬሻለሁ፣ በሞቴ!»

ክብሪቱን ጫረ። ነበልባሉ አንዲት ደረቅ ቅጠል ልሶ ጠፋ። ደገመው፤ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ በእሾሁ ሥር መሬቱን ዳበሰ። ባዶ አፈር ነው፤ እሳት ይዞ የሚሮጥ አንድ ጭብጥ ሣር የለም። አባቱ ሣሩን ያቃጥል የነበረው እሾሁን ገና በቡቃያው ሊያጠፋ፣ ይህን ቀን ፈርቶ እንደሆነ ያኔ ገባው። አፈረ፤ ይቅር በለኝ የሚለው አባት ግን ከሞተ ቆይቷል።

«አልያዘም?» አለች ሚስቱ ከኋላው።

«ምኑን ይያዝ?»

ቃጭሉ አንዴ በኃይል ተንቃጨለ። ከዚያ ዝም አለ።