የአውሮፕላኗ ጉማ

መቱ ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ የአውሮፕላን ወንበር አለ። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ! ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ ቀበቶው እንኳ ያልጠፋ ወንበር ነው። ከአባቴ ወደ አክስቴ፣ ከአክስቴ ወደ እኔ መጣ።

አባዬ በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ በስተግራ ይቀመጥና ቀኙን ባዶ ይተወው ነበር። እኛ ልጆቹ ልንቀመጥ ስንል «ተነሱ፣ ባለቤት አለው» ይለናል። ባለቤቱ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ታላቅ እህቱ ናት፣ እኛ እቴቴ የምንላት። እቴቴ ግን የግቢያችንን በር አልፋ አታውቅም። ትመጣለች፣ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ የወንድሟን ጤና ትጠይቃለች። ሲጠማት ከቤቷ ይዛ የመጣችውን ኮዳ ከፍታ ትጠጣለች። የእኛን ውሃ? በፍጹም!

እቴቴ ለአባዬ እህቱም እናቱም ነበረች። በጣሊያን ጊዜ ጎሬ ላይ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ሲጥል፣ እናታቸው ገበያ እንደወጣች ቀረች። አባዬ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። እቴቴ ራሷ የወተት ጥርሷን ገና እየነቀለች ያለች ልጅ፣ እሱን አዝላ ጫካ ገባች። በየደጁ ወተት እየለመነች አሳደገችው። ስለ እናታቸው ግን አንድ ቃል አይወጣትም። ፎቶ የለ፣ ምን የለ። አባዬ «እኔ እንኳን የእናቴን መልክ፣ ቀይ ትሁን ጥቁር አላውቅም» እያለ ይስቅ ነበር። ቀልድ ያስመስለዋል እንጂ ቀልድ አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ሰው አድጎ የት ይቀጠር? አውሮፕላን ማረፊያ! ጎሬ ላይ ሣር ሜዳ ነበር ማረፊያው። ሥራው ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ላሞቹን ከሜዳው ማባረር፣ ከዚያ ተሳፋሪውን በቡና ሚዛን መመዘን ነው። ሰው እንደ ጆንያ ከነዘንቢሉ ሚዛን ላይ ይወጣል። ወፈር ያሉት ሴቶች «ዓይንህን ጨፍን፣ እንዳታይ!» እያሉት ይወጡ ነበር፤ እሱም ጨፍኖ ይመዝን ነበር፣ እንደ እሱ አባባል።

እቴቴ ያኔ አልተቆጣችም። «እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ» ብላ አለፈችው። ነገሩን ያበላሸው የአባዬ አፍ ነው።

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ መካኒክ የአውሮፕላኗን ታሪክ አጫወተው። ይቺ ሙሽራና መምህር፣ ቄስና የቡና ነጋዴ የምታመላልስ አውሮፕላን፣ ለካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ጣይ ኖራለች! መካኒኩ ከሆዷ ሥር አስገብቶ የቦምቡ በር የተደፈነበትን ቦታ በጣቱ አስዳሰሰው። አፍንጫዋ ላይ ቦምብ ጣዩ ወታደር ተደፍቶ ወደታች የሚያይበት መስተዋት ነበር፤ በቆርቆሮ ተሸፍኖ የፖስታ ከረጢት መክተቻ ሆኗል። ጭራዋ ውስጥ መትረየስ የተተከለበት ቦታ ሻንጣ ይታጨቅበታል። መስኮቶቹም ኋላ በእጅ ተቆርጠው የወጡ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይተካከልም። ጦርነቱ ሲያልቅ ገዝተው፣ ፈታትተው፣ ወንበር ደርድረውባት ሰው ማጓጓዣ አደረጓት።

አባዬ ይህን ሰምቶ እንዴት አስችሎት ይቀመጥ! እየሮጠ ምሳ ወደምታቀርብለት እህቱ ሄደ። «እትዬ፣ ጉድ ልንገርሽ!» ብሎ አንድ ሳያስቀር ነገራት። እቴቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ገበታው ላይ አኖረች። እጇን ታጠበች፣ ተነሥታ ወጣች።

በእኛ አገር ደም በመሃል ከገባ የገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ገበታ አይበላም፣ ውሃም አይቀባበልም። ሽማግሌ ገብቶ፣ የደም ካሳው ተከፍሎ እስኪታረቁ ድረስ እንዲሁ ነው። ጉማ ይባላል። አባዬ ተከትሏት «ኧረ እትዬ፣ አውሮፕላን ምን ወገን አላት?» ቢላት፣ «እንጀራዋን የምትበላ አንተ አይደለህ? ወገኗ አንተ ነህ» አለችው። አበቃ።

እሱ ደግሞ ግትር! ባገኛት ቁጥር «ይቺኛዋ እኮ የጣሊያን አይደለችም። እናታችን ስትሞት ገና አልተሠራችም» ይላታል። እሷ አትመልስለትም። በሠርጉ ቀን ከድንኳኑ ውጭ ከቤቷ ያመጣችውን በላች። እናቴ እኔን ልትወልድ ስትል ምጡ ጠንቶባት ወደ ጅማ ሆስፒታል ያደረሰቻት ይህችው አውሮፕላን ናት። እናቴ እኔን ይዛ ስትመለስ እቴቴ ሜዳው ዳር ቆማ በነጠላዋ ተቀበለችኝ፤ ወደ አውሮፕላኗ ግን ቀና ብላ አላየችም አሉ። እኔን ቤቷ ታበላኝ ነበር። «ልጅ ጉማ የለባትም» የሚል ሕግ ለራሷ አውጥታ።

ኋላ አውሮፕላኗ አርጅታ ስትፈታታ አባዬ አንድ ወንበር ለመነና ወሰደ። ወደ መቱ ስንወርድ በጭነት መኪና ላይ ጭኖ አመጣው። እቴቴም ተከትላን መጥታ ከታችኛው ሰፈር ቤት ተከራየች። ውሃውን አትጠጣም፣ ከእሱም አትርቅም። እንዲህ ያለ ኩርፊያ የት አይታችኋል?

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ፣ የመሥሪያ ቤቱ ታፔላ ሁሉ በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ እየተጻፈ በነበረበት ሰሞን አባዬ ጉበቱን ታመመ። ሐኪሞቹ ቤት ውሰዱት አሉን። ምግብ አልወስድ አለ። እናቴ ብታጎርሰው ፊቱን ያዞራል፣ እኔ ብለምነው ያዞራል። አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን «የእትዬን እጅ ሳልቀምስ ልሄድ ነው» አለኝ። 

ሮጬ እቴቴ ዘንድ ሄድኩ። አለቀሰች እንጂ አልተነሣችም። «እኔ ልቤ መቼ ጠላው? ግን ደም በሽማግሌ እንጂ በእንባ አይታጠብም፣ ልጄ» አለችኝ። በል እንግዲህ! ጃርሶሊ፣ ማለትም ሽማግሌዎቹን ፍለጋ ዞርኩ። «ጠቡ ከማን ጋር ነው?» ሲሉኝ «ከአውሮፕላን ጋር» እላለሁ፤ በሳቅ ይፈነዳሉ። ከቡሬ የመጡ አንድ አዛውንት ብቻ አልሳቁም። «የሞተ ሰው አለ?» አሉኝ። «አለች፣ የአባቴ እናት» አልኳቸው። «እንግዲያው አያስቅም» ብለው ዱላቸውን አነሡ።

አባዬን ከነወንበሩ ተሸክመን ግቢው ውስጥ አቮካዶው ጥላ ሥር አወጣነው። እቴቴ ከበሩ ውጭ፣ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። እሷ ነጠላዋ ሥር የሸፈነችው ሳህን ነበር፤ አየሁት። አዛውንቱ አባዬን «አንተ ምን ትላለህ?» አሉት። አባዬ በደከመ ድምፁ ያንኑ ጀመረ። «ይቺኛዋ የጣሊያን አይደለችም። እናታችን ስትሞት ገና...»

«እሱንማ ካንተ በፊት አውቃለሁ!» አለች እቴቴ። በሕይወቷ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። «እናታችንን የገደለች እሷ እንዳልሆነች መቼ ጠፋኝ? እብድ መሰልኩህ? እሷስ ሆዷን ከፍታ ስትጥል የነበረው ድንጋይ ላይ ነው? እዚያስ ገበያ የወጣች እናት አልነበረችም? እዚያስ እንዳንተ በእህቱ ጀርባ የቀረ የለም? አንድ ቀን ‹ነበረች› ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ አንተ የእሷ ጠበቃ ሆነህ ቀረህ።»

 አባዬ የወንበሩን እጀታ በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየ።

«ነበረች፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «እዚያም ነበረች።» ከዚያ በኦሮምኛ፣ እሷ አፍ ባስፈታችው ቋንቋ፣ «ዱጋ ኬቲ» አላት፤ እውነትሽን ነው።

አዛውንቱ ወደ እሷ ዞረው «ጉማዎ ምን ይሁን፣ እትዬ?» አሉ። እቴቴ ወንበሩን አየችው። «እሱን ይስጠኝ። ሌላው ይቅር። አውሮፕላኗም ይቺን ልጅ ጅማ አድርሳ አምጥታልኛለች» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች። አዛውንቱ የሁለቱን እጅ አንድ ላይ አድርገው ውሃ እንዳፈስ አዘዙኝ። እኔ እንኳን ውሃውን እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ ግማሹን መሬት አጠጣሁት።

እቴቴ ገብታ ከአባዬ በስተቀኝ ተቀመጠች። ባዶ የኖረው ቦታ ልክ ለእሷ የተሠራ ይመስል ነበር። አባዬ ቀበቶውን በወገቧ ላይ ሲቆልፍላት «የት ልትወስደኝ ነው?» አለችው። ሽማግሌዎቹ በረጅሙ ሳቁ።

ሳህኑን ገለጠች። ቅቤ የጠጣ ገንፎ ነበር። በጣቷ ቆርሳ፣ አብርዳ፣ ወደ አፉ አቀረበች። አባዬ አፉን ከፈተ። እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«ምነው?» አላት።

«እሷን!» አለች። «በስመ አብ! አፍህን ስትከፍት ቁርጥ እሷን። ከንፈሯ እንዲህ በግራ ቀድሞ ነው የሚከፈተው። ጠይም ነበረች፣ ያንተው ጠይምነት።»

ጉርሻውን አጎረሰችው። አባዬ አፉ ሞልቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ እንደ ልጅ እጀጌዋን ያዛት።

«ሌላስ?» አላት።

«መጀመሪያ ዋጥ» አለችው።