ከጮቄ የወረደው ንብ

ወይዘሮ ጤናዬ በደብረ ኤልያስ አካባቢ ሕልም በመፍታት የታወቁ ሴት ነበሩ። ከመሪጌታ አባታቸው የወረሱት ሀብት ይኸው ነው። አንበጣ ያየ ክፉ እንግዳ ይመጣበታል፤ ዝንብ ያየ ይታማል፤ ጉንዳን ጦር ነው፤ ንብ ሲሳይ ነው። ቀለሙም ይቆጠራል፤ ነጭ እርቅ ነው፣ ነጭ ላይ ቀይ ካረፈበት ግን ደም ነው። አገሩ "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" ስለሚል፣ ሰው ሁሉ ያየውን ለሌላ ከመንገሩ በፊት ጧት ጧት እሳቸው ደጅ ይቆም ነበር። አንዴ ከአፍ የወጣ ፍቺ አይመለስምና።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ሲቀመጥ አንድ ልጃቸው አስማማው ዱር ቤቴ ብሎ ጮቄ ተራራ ገባ። እሱንና ጓደኞቹን አድኖ እንዲይዝ የተሾመው የባንዳው አለቃ አወቀ ነበር። ግራዝማች ይሉታል፤ ማዕረጉን የሰጠው ጣሊያን ነው እንጂ አገሩስ የሰጠው ሌላ ስም ነበር። ጥይት የማይፈራው ይህ ሰው ሕልም ይፈራል።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጤናዬን አስጠራቸው። አስማማው አጎቱ ዘንድ ስላደገ አወቀ የማን ልጅ እንደሆነ አልደረሰበትም።

"ቀይ ጉንዳን በነጭ ሱሪዬ ላይ ሲወጣ አየሁ" አላቸው።

"በዚህ ሳምንት ከደጅዎ አይውጡ" አሉት። አልዋሹትም፤ ለልጃቸውም እፎይታ ነበር። አወቀ ቀረ። ያለ እሱ የወጣው ጦር ጮቄ ሥር ተመትቶ ግማሹ ሳይመለስ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ጤናዬ ቤታቸውን አላዩም። አወቀ ከግቢው ጥግ ጎጆ ሰጣቸው፣ ቀለብ ቆረጠላቸው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አቆመባቸው። "እርስዎን የመሰለ ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም" አለ። ለበዓል የምትታረድ ዶሮም ቀለቧ ጥሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሲሉ "ከዚሁ ሆነው ይሳለሙ" ተባሉ። እሱ በየጧቱ እየመጣ ያየውን ይነግራቸዋል። ሸረሪት ቢያይ "ወጥመድ ተዘርግቷል"፣ ጥቁር ጥንዚዛ ቢያይ "መንገዱ ጨለማ ነው" እያሉ ከቤት ያውሉታል። ሁልጊዜ ክፉ ብቻ እንዳይፈቱ ደግሞ ይነቃባቸዋል። መልካም መናገር ባለባቸው ጧት እያማተቡ ይናገራሉ፤ ከማንም በላይ በፍቺያቸው የሚያምኑት ራሳቸው ናቸውና።

መስቀል ካለፈ በኋላ አወቀ ፊቱ በርቶ መጣ።

"እሜቴ፣ ሕልም አየሁ።"

"ለበጎ ያድርግልዎ።"

"የንብ መንጋ ከጮቄ ወርዶ እጄ ላይ ሰፈረ። ነጭ ነው፣ እንደ ጥጥ። አንዱም አልነደፈኝ።"

ወይዘሮ ጤናዬ ፍቺውን በልባቸው መዘኑ። ንብ ክፉ ነው ቢሉት ሕፃን ልጅም አያምናቸውም። መልካም ነው ካሉት ደግሞ ጮቄ ያለውን ሰው ሁሉ በገዛ አፋቸው እጁ ላይ ማስቀመጣቸው ነው። ፈሩ፤ እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

"ቀፎ ሰቅለው ያውቃሉ?" አሉት በመጨረሻ።

"አባቴ ይሰቅል ነበር።"

"እንግዲያው ያውቁታል። ንብ ሲያሳድዱት ይበተናል። አርፎ ለተቀመጠ ግን ራሱ ይመጣል። እርስዎም ከተቀመጡ ይመጣልዎታል።"

አወቀ ደስ ብሎት ዘመቻውን ተወ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ፤ ጮቄ ላይ ጥይት አልተተኮሰም። ወይዘሮ ጤናዬ እህል ሲወርድላቸው ታወቃቸው። ልጄን አተረፍኩት አሉ በልባቸው።

ወሬን ግን ዘበኛ አያግደውም። የእናቱ መታገት ጮቄ ድረስ ተሰማ። በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቀን አስማማው ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ፣ አወቀ ደጅ መጥቶ ቆመ።

"ሕልም ፈቺዋ እናቴ ናት" አለ። "እሷን ልቀቃትና እኔን ውሰደኝ።"

ጠመንጃውን ተቀበሉት። አንድም ሰው አልተጎዳም። አወቀ በመጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቁ መጣበት። እጁን በአስማማው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣

"እንደምትመጣስ እናትህ ነግረውኝ ነበር" አለው።

አስማማው ዞሮ ወደ ጎጆው አየ። ወይዘሮ ጤናዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ከበሩ ተነስቶላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አልወጡም።