የዳክዬዎቹ ዱላ

ይህ የደረሰው ባለፈው ክረምት አዳማ፣ ሰፈራችን ውስጥ ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ሲበዛብኝ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ያን ቀን በሕይወት የተረፍኩበት መንገድ ግን ከአእምሮዬ ስለማይወጣ ጻፍኩት።

ጎረቤታችን አባባ ገመቹ ጡረታ የወጡ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሞጆና በጅቡቲ መካከል ተሳቢ ሲነዱ ነው። ቤት መዋል ሲሰለቻቸው የዳክዬ እንቁላል አምጥተው ዶሮ አስታቀፉ። ጫጩቶቹን በባለቤታቸው በአዴ ብርቄ የልብስ ሳፋ ዋና አስጀመሯቸው። የወተት ጣሳ ሳይመቱ ፉሩሽካ አይሰጧቸውም ነበር። ስለዚህ ካደጉም በኋላ ጣሳው ከተሰማ የትም ቢሆኑ ተሰልፈው ይመጣሉ።

በሰፈራችን ዳክዬ የሚበላ ስለሌለ ሰው ይስቅባቸዋል። ባጃጅ ነጂው አበራ፣ «አባባ፣ አይታረዱ፣ አይበሉ፣ ምን ያደርጉልዎታል?» ይላቸዋል።

«አንተስ ትታረዳለህ? ሚስትህ ዝም ብላ ትቀልብህ የለ?» ይሉታል።

የፈተና ውጤት እየጠበቅኩ ቤት ስለነበርኩ እኔንም ዳክዬ መንዳት አስተማሩኝ። «ከኋላ አትሩጪባቸው። በጎን ሆነሽ ዱላውን ዘርጊ። መምታት የለም» ይሉኛል። ዱላው ረጅም ሸምበቆ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ወሰድናቸው። ቦዩ ጥልቅ ነው፤ ከታች በሚቀረው ኩሬ መንቦራጨቅ ይወዳሉ። እኛ ጋ ዝናብ አልነበረም፤ በተራራው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። አባባ ከዳክዬዎቹ ጋር ወረዱ። እኔ ዱላውን ይዤ ጠርዙ ላይ ቆምኩ።

ድንገት ዳክዬዎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ቆሙ። ከዚያ ማንም ሳይጠራቸው እየተጋፉ ወደ እኔ መውጣት ጀመሩ። ከሩቅ የሚያጉረመርም ነገር ይሰማ ነበር።

«አባባ፣ ምንድን ነው?»

አዳመጡና ፈገግ አሉ። «ተሳቢ ነው። ጭኖ ዳገት ይዞታል። ማርሽ ሲቀንስ አይሰማሽም?»

አመንኳቸው። በሰፈራችን ስለ መኪና ድምፅ ከእሳቸው ጋር የሚከራከር አልነበረም። ጣሳውን እየመቱ «ኮታ፣ ኮታ» አሉ፤ በኦሮምኛ ኑ ማለታቸው ነው። ዳክዬዎቹ ትንሽ አመነቱና ተመልሰው ወረዱ። አንዲት አንካሳ ብቻ እግሬ ሥር ቀረች።

ጎርፉ በቦዩ መታጠፊያ ብቅ ሲል ከነእንጨቱ፣ ከነቆሻሻው ነበር። ዳክዬዎቹን ወዲያው ደፈቃቸው። አባባን እስከ ደረታቸው ያዛቸው። ሸምበቆውን ዘረጋሁላቸው፤ ያዙት። ግን አፈሩ ከእግሬ ሥር እየተናደ እኔም ወደ ታች መንሸራተት ጀመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልቀቂ» አሉኝ።

አልለቀቅኩም። እሳቸው ለቀቁት።

የሰፈሩ ወጣቶች ሊመሽ ሲል ከታች፣ ድልድዩ ጋ አስከሬናቸውን አገኙ።

በለቅሶው ላይ ለአዴ ብርቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልደብቅ፣ እያንዳንዷን ነገር። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰሙኝና፣ «ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ የያዘው ነገር አምልጦት አያውቅም። አይቶሽ ነው የለቀቀው። በይ፣ እህል ቅመሺ» አሉኝ።

አንካሳዋ ዳክዬ አሁንም አዴ ብርቄ ጋ ናት። ፉሩሽካ የሚያመጣላት አበራ ነው። ምን ታደርጋለች ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

የምማርበት ግቢ ከአስፋልት አጠገብ ነው። ተሳቢ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ጓደኞቼ «አንቺ ደግሞ፣ መኪና እኮ ነው» ይሉኛል። መኪና እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን መስኮቱ ጋ ሄጄ በዓይኔ ሳላየው መቀመጥ አልችልም።